መድፍ ከሚሮጥ ታንክ ጋር እኩል መሄድ ይችላል?

የኮዬ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ረዘም ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። የሐምሌን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከኋላው ሌላ ሲኖ ቆመ። ከዚያ አይሱዙ። ከዚያ ሚኒባሶች። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንቅንቅ ያለ መኪና የለም። በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሰልፍ ጦር ቢሆንስ? ታንኮቹ ቀድመው አልፈው፣ መድፎቹ ከሲኖው ጀርባ ቢቀሩስ?

ስለ ፈጣን ጦርነት ባነበብኩት ሁሉ ስሙ የሚነሳው ታንክና አውሮፕላን ነው። መድፍ የምሽግ መሣሪያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቦታ ተተክሎ ወር ሙሉ የሚደበድብ። ጦሩ በቀን 40 እና 50 ኪሎ ሜትር እየገፋ ሲሄድ መድፍ ምን ይሠራል? ወይስ ታንኩ ራሱ መድፍ ስላለው እሱ ይበቃል?

የሚያውቅ ሰው ሰፋ አድርጎ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ቸኩላችሁ አትመልሱልኝ።

አወያይ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። የቅርቡን የሀገራችንን ጦርነት አናነሳም። ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ እዚህ ያለነውም ከየአቅጣጫው ነን። የድሮውንና የውጪውን በነፃነት ተወያዩ።

መምህር ዘሰበታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30)

የጀርመኖቹን እኔ ልጀምር። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ጉዳይ እወደዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1940 የጀርመኑ ጄኔራል የጉደሪያን ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ሴዳን ላይ የሜዝን ወንዝ ተሻገረ። ታንኮቹ የመጡት በአርደን ጫካ በኩል ነው። መንገዱ ጠባብ ነበር፤ ተሽከርካሪው ተጨናንቆ እንደ አንተ ሲኖትራክ ሰልፍ ሆኖ ነበር። መድፉ አብዛኛው ገና ኋላ ነው። ታዲያ ወንዙን ለመሻገር ከማዶ ያለውን ምሽግ ማን ይደብድብ? ሽቱካ የሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ናቸው የደበደቡት። ቀኑን ሙሉ ተፈራርቀው ወረዱበት።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ፈጣን ጦርነት መድፍ አይፈልግም» ይላል። እኔ ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። ጀርመኖቹ የመድፍን ሥራ የሚሠራ ነገር የግድ አስፈልጓቸዋል። መድፉ ስላልደረሰ ከሰማይ አመጡት። አየሩ ደመና ቢሆን ኖሮስ?

ያን ቀን ማታ ሌላም ነገር ሆኗል። ቡልሶን በሚባል ቦታ የነበሩ የፈረንሳይ መድፈኞች «የጀርመን ታንክ መጣ» የሚል ወሬ ሰሙ። እውነቱ ግን አንድም ታንክ ገና ወንዙን አልተሻገረም ነበር። ታንኮቹ የተሻገሩት በማግስቱ ነው። ወሬው ብቻ በቃ። መድፈኞቹ መድፋቸውን ጥለው ወደ ኋላ ሸሹ። በአንድ ምሽት የአንድ ክፍለ ጦር የመድፍ ኃይል ፈረሰ። ፍጥነት መድፍን የሚመታው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጥይት ሳይነካው፣ ወሬ ይበትነዋል።

ደግሞ ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦሮች መድፋቸውን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ በአብዛኛው የሚጎትቱት በፈረስ ነበር። በሰንሰለት የሚሄዱት፣ ቬስፐ የሚባለው ባለ 105 ሚሊ ሜትር እና ሁመል የሚባለው ባለ 150፣ ለታንክ ክፍለ ጦሮቹ የደረሱት በ1943 ነው። እስከዚያ ድረስ ፊት ያለው ታንክ በቤንዚን፣ ኋላ ያለው መድፍ በድርቆሽ ነበር የሚጓዘው።

ሻምበል ጡረታ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10)

ሱሉልታ ነው የምኖረው። ጉም ነው፤ ቀድሜ ተነስቻለሁ። በመድፍ ክፍል ብዙ ዘመን አገልግያለሁ።

የኮዬ ልጅ፣ መጀመሪያ የታንኩን ልመልስልህ። ኳስ መሬት ለመሬት ብትመታት አጥሩ ይመልሳታል። ከፍ አድርገህ ብታሻማት አጥሩን ተሻግራ ትወርዳለች። ታንክ የሚመታው መሬት ለመሬት ነው፤ የሚያየውን ይመታል። መድፍ የማያየውን ይመታል። ጠላት ከኮረብታ ጀርባ ሞርታር ተክሎ ከሆነ ታንኩ ምንም አያደርገውም። ታንኩን ሊጥለው ጸረ ታንክ ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛውንም እግረኛ ታንከኛው ብዙ ጊዜ አያየውም። አናቱን ቀና እንዳያደርግ የሚያስተኛው መድፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መድፍ ሲሄድ አይተኩስም። ሲተኩስ አይሄድም። የፈጣን ጦርነት የመድፍ ጣጣ በሙሉ ከዚህች ነገር ይጀምራል።

በቁጥር እንየው። ዲ-30 የሚባለው ባለ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ በተለመደው ጥይት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከግንባሩ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተክለኸዋል እንበል። ከጦርህ ፊት የሚሸፍነው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ታንክህ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢገፋ ይህን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው። መድፉን ነቅለህ ብታስከትለው ደግሞ በጉዞ ላይ እያለ ታንኩ አሁንም ብቻውን ነው።

መፍትሔው ተራ መግባት ነው። አንዱ ባትሪ፣ ማለትም አንዱ የመድፎች ቡድን፣ ይተኩሳል። አንዱ ይጓዛል። አንዱ አዲሱ ቦታ ላይ ደርሶ ይዘጋጃል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ አፉ ክፍት መሆን አለበት። ይህን ሲናገሩት ቀላል ነው። ሌሊት፣ በዝናብ፣ ባልታወቀ መንገድ፣ ራዲዮው እየተቆራረጠ ሲሠሩት ግን ሌላ ነው።

የመድፈኛው ልጅ (ረቡዕ፣ ቀን 9፡20)

ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. የዲ-30 ምድብተኛ ነበር። የካ አባዶ ነው የምንኖረው። ይህን ክር ቡና ላይ አነበብኩለት። ግራ ጆሮው አይሰማም። በቀኙ በኩል ተጠግቼ፣ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

የሻምበልን ጽሑፍ ሲሰማ «ትክክል ነው፣ ትክክል ነው» አለና ከሲኒው አጠገብ ሦስት ጭራሮ ደረደረ። ጫፋቸውን አገጣጥሞ እንደ ጉልቻ ሦስት ቦታ ዘረጋቸው። በላያቸው የከሰል መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «ይኸው ዲ-30» አለ።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ዲ-30 የሚጎተተው ከአፈሙዙ ነው። ካሚዮኑ ቆሞ መድፉ ሲፈታ ከመሀሉ ያለው መቆሚያ መሬት ይይዛል። ጎማዎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። ሦስቱ እግሮች ይዘረጋሉ። ጫፋቸው በካስማ መሬት ላይ ይመታል። ከዚያ አፈሙዙን ወደፈለግክበት ታዞራለህ። መቆንጠጫውን ጭራሮው ላይ ሙሉ ዙር አዞረው። «ይኼ ነው ጥሩነቱ» አለ። «ሌላው ተጎታች መድፍ ፊቱን የሚያዞረው ትንሽ ነው። ጠላት ከጎን ከመጣ እግሩን ነቅለህ መድፉን በትከሻህ ነው የምትገፋው። ይኼ ግን ባለበት ይዞራል። ጦሩ ሲሮጥ ጠላት ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።»

የሠለጠነ ምድብተኛ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያዘጋጀዋል አለኝ። ደረቅ መሬት ላይ ነው ይሄ። ዋልካ መሬት ላይ ግን እግሩ ይሰምጣል። የመጀመሪያዋ ጥይት ስትወጣ መድፉ ወደ ኋላ ይገፋና መስመሩን ይስታል። እንደገና ማነጣጠር ነው። ዝናብ ሲዘንብ እጁ ካስማው ላይ እየተንሸራተተ አውራ ጣቱን የቀጠቀጠበት ጊዜ አለ። ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አይነግረኝም ነበር።

ከዚያ የስኳር ዕቃውን አነሳ። ተነስቶ ሄዶ ሳሎኑ በር ላይ አስቀመጠው። ተመልሶ ተቀመጠ። «ይኼ ደግሞ ጥይቱ ነው» አለ። «መድፉ እዚህ ደርሷል። ጥይቱ እዚያ በር ላይ ቆሟል። አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

ካሚዮን ገላን (ረቡዕ፣ ማታ 1፡05)

የአባትሽ የስኳር ዕቃ ልቤ ገባ። ገላን ነው ያለሁት፤ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ሁላችሁም ስለ መድፉ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ጭነቱ ላውራ።

የዲ-30 ጥይት፣ የሚበረው ክፍል ብቻ፣ 22 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ባትሪ 6 መድፍ አለው። እያንዳንዱ 60 ጥይት ቢተኩስ 360 ነው። ሲባዛ 7,920 ኪሎ። ቀለሁ፣ ባሩዱና ሳጥኑ ገና አልተቆጠረም። ሦስቱ ባትሪዎች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚበረው ብረት ብቻ ወደ 24 ቶን ይጠጋል። አጥብቆ ለሚተኩስ ጦር ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን የምትጭነው በ16 ሜትር ኩብ ሲኖ፣ በአስፋልት አይደለም። በ5 ቶን ኡራል፣ በሜዳ ነው። ስንት ምልልስ እንደሚሆን ቁጠሩት።

ቢኤም-21 የሚባለው ሮኬት ተኳሽ ደግሞ አለ። 40 ሮኬት በ20 ሴኮንድ ውስጥ ይጨርሳል። አንዱ ሮኬት 66 ኪሎ ገደማ ነው። 2,640 ኪሎ በ20 ሴኮንድ! ከዚያ 40ውንም አንድ በአንድ በእጅ መልሶ መጫን ነው። 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሮኬቱ ከጎኑ ካለ ነው እሱም።

ጦሩ በሄደ ቁጥር የእኔ መንገድ ይረዝማል። ትናንት 30 ኪሎ ሜትር የነበረው ምልልስ ዛሬ 80፣ ነገ 150 ይሆናል። ናፍጣውን የምጨርሰው ናፍጣ ለማድረስ ነው። ታንኩም ነዳጅ ይፈልጋል፣ እግረኛውም ውኃ ይፈልጋል፣ ሁሉም በአንዲት መንገድ ነው። መጀመሪያ ማን ይለፍ? የኮዬ ልጅ፣ አንተ ያየኸው ሲኖ ጥይት ጭኖ ቢሆን ኖሮ ከ30 ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለ ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።

የኮዬ ልጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡00)

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የጨነቀኝ የመድፉ ጎማ ነው። ለካ የመድፉ ጎማ ከካሚዮኑ ጎማ በኋላ ነው የሚታሰበው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አውሮፕላን ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጀርመኖቹ እንዳደረጉት።

መምህር ዘሰበታ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡10)

እስራኤሎችም እንደ አንተ አስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ጦርነት ታንክና አውሮፕላን በስድስት ቀን ሁሉን ነገር ጨረሰላቸው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡና ልቡ ወደ ሁለቱ ሄደ። መድፍም እግረኛም ተረሳ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 ግብፆች የስዊዝን ቦይ ተሻገሩ። እግረኛቸው ማልዩትካ የሚባል በሽቦ የሚመራ ጸረ ታንክ ሚሳይልና አርፒጂ በብዛት ይዟል። በላዩ ጸረ አውሮፕላን ሚሳይል እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። አውሮፕላኑ መጠጋት አልቻለም። ኦክቶበር 8 የእስራኤል ታንኮች ብቻቸውን ገቡ። ያ ሚሳይል የሚተኩስ ወታደር አሸዋ ላይ የተኛ አንድ ሰው ነው። አንድ የመድፍ ጥይት አጠገቡ ቢወድቅ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሚሳይሉ ይስታል። ያን የሚያደርግ በቂ መድፍ ግን አልነበረም። ብዙ ታንክ ተቃጠለ።

በኋላ ቦዩን ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ ደግሞ የሆነውን እይ። የግብፅን የጸረ አውሮፕላን ጣቢያዎች የመቷቸው በምድር ያሉ ታንኮችና መድፎች ናቸው። ሰማዩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፕላን ለመድፍ መንገድ ይከፍታል ብለን ስናስብ መድፍ ለአውሮፕላን መንገድ ከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል መድፏን በጣም አበዛች።

ቀያሽ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45)

ለገጣፎ ቦታ ስቀይስ ነው የምውለው። ወታደር ሆኜ አላውቅም። ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። መድፉ የት ነው ያለው?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። መድፈኛ ዒላማውን አያየውም። ስለዚህ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት። እኔ የት ነኝ፣ ዒላማው የት ነው፣ ሰሜን ወዴት ነው። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ። የአንድ ዲግሪ ስህተት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 260 ሜትር ይሆናል። 260 ሜትር ማለት የጠላት ምሽግ ቀርቶ የራስህ ወታደር ላይ ነው። ለዚህ ነው መድፈኞች በዲግሪ የማይሠሩት። በሚል ነው የሚሠሩት። የሩሲያው አሠራር ክቡን ለ6,000 ይከፍላል፤ የአሜሪካው ለ6,400። አንድ ሚል አንድ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሜትር ያህል ነው። በጭንቅላት ለማስላት ይመቻል።

እኔ አንድ ነጥብ በቴዎዶላይት፣ በማዕዘን መለኪያው፣ ለመያዝ ጊዜዬን ወስጄ፣ እግሩን አስተካክዬ፣ አረፋውን አማክዬ ነው። ተሳስቼ ብገኝ አጥር ይፈርሳል። እነሱ ይህንኑ የሚሠሩት ታንኩ ትቷቸው እየሄደ፣ በጨለማ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ጦሩ በቆመ ጊዜ አንዴ የተለካ ቦታ ለወር ያገለግላል። ጦሩ በሮጠ ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ አዲስ ልኬት ነው።

ሻምበል ጡረታ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00)

ቀያሽ፣ ወታደር ሳትሆን የመድፈኛን ልብ አግኝተሃል። ዛሬ የሳተላይት ጂፒኤስ ስላለ ሥራው ቀልሏል። በእኛ ዘመን ግን የባትሪው አዛዥ ከፊት ቀድሞ ሄዶ ቦታ መርጦ፣ ለክቶ፣ ለእያንዳንዱ መድፍ ችካል ተክሎ ይጠብቃል። መድፎቹ ሲደርሱ ችካሉ ላይ ይቆማሉ። ጥሩ ባትሪና መጥፎ ባትሪ የሚለየው በዚያ ቀድሞ በሄደው ሰው ነው።

አንድ ልጨምር። ፊት ያለው ተመልካች፣ እኛ ኦፒ የምንለው፣ ከታንኩ እኩል መሄድ አለበት። የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንደወደቀች አይቶ «200 ጨምር፣ ወደ ግራ 30» የሚለው እሱ ነው። እሱ ከተመታ ወይም ራዲዮው ከጠፋ ከኋላ ያሉት 18 መድፎች ዕውር ናቸው። የአሜሪካ መድፈኞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፎርት ሲል ላይ አንድ ጥሩ ነገር አበጁ። የተኩስ ስሌቱን ከየባትሪው አውጥተው አንድ ማዕከል ላይ አደረጉት። አንድ ተመልካች በራዲዮ ከጠራ የብዙ ባትሪ ጥይት አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ማውረድ ተቻለ። መድፎቹ ተበታትነው፣ እሳታቸው ግን አንድ ላይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የአሜሪካንን መድፍ አጥብቀው የፈሩት ለዚህ ነው።

የለቡ ወጣት (ሐሙስ፣ ቀን 7፡30)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ጊዜ አይደለም እንዴ? ዛሬ ድሮን አለ። ጥቂት ኪሎ የምትመዝን ድሮን ታንክ እያጠፋች ነው። 3 ቶን ብረት እየጎተቱ ጭቃ ውስጥ መንደፋደፍ ለምን? ዩክሬንን እዩ።

ሻምበል ጡረታ (ሐሙስ፣ ቀን 10፡15)

ልጄ፣ ዩክሬንን አይቻለሁ። በደንብ ተከታትያለሁ።

ድሮን ከሁሉ በፊት የሠራው የመድፍን ዓይን ነው። እኔ ነፍሱን አስይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ኦፒ ነበረኝ። ዛሬ ያ ልጅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በስክሪን ያያል። ይህ መድፍን አላስቀረውም። አጠነከረው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሆነውን ተመልከት። በጁን ሃይማርስ የሚባለው በጎማ የሚሄድ ሮኬት ተኳሽ ዩክሬን ገባ። 6 ሮኬት ይይዛል፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ያነጣጠረው ግንባር ላይ ያለ ወታደር ላይ አልነበረም። የጥይት መጋዘንና ድልድይ ላይ ነበር። የመድፈኛው ልጅ የነገረችንን የአባቷን የስኳር ዕቃ ነው የመታው። በሴፕቴምበር በካርኪቭ በኩል ጦሩ ሲነሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባላክሊያን፣ ኩፒያንስክንና ኢዚዩምን ያዘ። እዚያ ግንባር የሩሲያ ሰው ኃይል ሳስቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለሁለት ወር መጋዘኑ ባይቃጠል ያ ሩጫ እንዲያ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን እውነት አለህ፤ እቀበላለሁ። ዛሬ መድፍ ተኩሶ መቀመጥ አይችልም። ራዳር ጥይቱን አየር ላይ እያለ ይይዘውና ከየት እንደወጣ ያሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ መልሱ ይመጣል። ድሮን ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ተኩሶ ወዲያው መነሳት ግዴታ ነው። ለዚህ ነው እንደ ፈረንሳዩ ቄሳር ያለ፣ ካሚዮን ላይ የተጫነ መድፍ የተወደደው። ተጎታቹ ቀስ በቀስ ቦታ ሊለቅ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ትንሽ ያዝናል።

የለቡ ወጣት (ሐሙስ፣ ማታ 12፡20)

አመሰግናለሁ ሻምበል። መጋዘኑን አላሰብኩትም ነበር። ድሮን ጭጋግና ዝናብ ላይ እንደሚቸገርም አሁን ትዝ አለኝ። መድፍ ዝናብ አይከለክለውም።

መምህር ዘሰበታ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡00)

ሻምበል «መድፎቹ ተበታትነው፣ እሳታቸው አንድ ላይ» ያሉት ላይ ልቆይ። የብዙ ጦር መጥፊያ ይህ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ እንግሊዞች ለፍጥነት ብለው መድፋቸውን በታተኑት። ጆክ ካምቤል በሚባለው መኮንን ስም «የጆክ ኮለም» የሚባሉ ትንንሽ ጓዶችን አቋቋሙ። ጥቂት መድፍ፣ ጥቂት እግረኛ፣ ጥቂት ብረት ለበስ። ፈጣኖች ነበሩ። ጠላትን ይነድፋሉ። ሆኖም ጠንካራ ነገር ሲገጥማቸው አንዱ ጓድ ብቻውን የሚሰብረው ነገር አልነበረም። መንጋው ተበትኖ ለጅብ እንደተጋለጠ በግ ሆኑ። የእንግሊዙ አዛዥ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲመጣ ይህን አስቀረ። ኤል አላሜን ላይ ኦክቶበር 23 ማታ ወደ 900 የሚጠጉ መድፎች በአንድ ትእዛዝ ተከፈቱ።

ይህን ስል ሞንትጎመሪ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ምሽጉን ሰበረ፤ ሲያሳድድ ግን በጣም ዘገምተኛ ነበር፤ የጀርመኑ አዛዥ ሮመል አመለጠው። ሩሲያኖቹ በጃንዋሪ 1945 ሁለቱንም አጣመሩት። ፖላንድ ውስጥ ቪስቱላ ወንዝ ላይ ሲጀምሩ ሰብረው በሚገቡበት ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ200 በላይ መድፍ ደረደሩ። ግንቡ ሲፈርስ ጥቂት መድፍ ብቻ የያዙ ቀዳሚ ጓዶችን ለቀቁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኦደር ወንዝ ደረሱ። እዚያ ቆሙ። ከቆሙበት ምክንያት አንዱ ጥይትና ነዳጅ ኋላ መቅረቱ ነው።

አሜሪካኖችም በ1991 ኢራቅ ላይ ይህ አልቀረላቸውም። የምድር ውጊያው 100 ሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። ኤም-109 የሚባለው በሰንሰለት የሚሄድ መድፋቸው የ1960ዎቹ ሥሪት ነበር። ኤብራምስ ታንክን ለመከተል ተቸግሯል።

የመድፈኛው ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 1፡40)

አባቴ ዛሬም አስነበበኝ። «ካራማራን ማንም አያነሳም?» አለኝ። እሱ የዘመተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ያሠለጠኑት ሰዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። ሻምበል፣ እባክዎ።

ሻምበል ጡረታ (ዓርብ፣ ማታ 3፡25)

እሺ ልጄ። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ገብቶ በመስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። ፈጣን ነበር፤ ይህን መካድ የለብንም። ግን ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ቆመ። የስንቅ መስመሩ ረዝሟል፤ ተራራው ገድቦታል፤ አውሮፕላናችንና መድፋችን አላስጠጋውም። ያኔ በመልሶ ማጥቃት ጥያቄው ይህ ሆነ፦ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደው መንገድ በማርዳ በር ያልፋል። በሩ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ተራራ። ጠላት እዚያ ላይ መሽጓል። ታንክና ካሚዮን ደርድሮ በዚያ መግባት ማለት ሱሉልታ ዳገት ላይ አንድ መኪና ሲበላሽ የሚሆነውን ማየት ነው። ፊተኛው ሲመታ ኋለኛው መውጫ የለውም።

ስለዚህ ወገንና ኩባ ሆነው በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሩት። ከባድ ሄሊኮፕተሮች ጦርና ተሽከርካሪ እያነሱ ከተራራው ጀርባ አሳረፉ። ፊት ለፊት ያለው ኃይል ጠላትን በመድፍ ይዞት ሳለ የዞረው ኃይል ከኋላ መጣ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። በዚህ ውጊያ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። መድፉ ቆሞ ጠላትን ካለበት እንዳይነቃነቅ ያዘው፤ ሌላው ኃይል ዞረ። ሁሉም መሮጥ የለበትም።

የተገላቢጦሹንም ላንሳ፤ ከባድ ቢሆንም። መጋቢት 1980 አፋቤት። የእኛ ሜካናይዝድ ሰልፍ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ፊተኛው ተመትቶ መንገዱ ተዘጋ። ከኋላው ያለው ታንክና መድፍ ሁሉ ቆመ። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ የራሳችን አውሮፕላን ደበደበው። እንዲያም ሆኖ ብዙ መድፍ ተማረከ። እዚያ የነበሩ ጓደኞች ነበሩኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አወያይ (ዓርብ፣ ማታ 3፡50)

ሻምበል፣ እናመሰግናለን። በሁሉም ወገን ለወደቁት ነፍስ ይማር።

ካሚዮን ገላን (ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡00)

ነፍስ ይማር።

መምህር ዘሰበታ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡15)

ነፍስ ይማር። የኮዬ ልጅ፣ ከተማ ስትወጣ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን የሴባስቶፖልን አምሳያ ቆመህ እየው። ዋናውን አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው ወደ መቅደላ አስጎተቱት። 7 ቶን ገደማ ነው። መንገድ እየተቆፈረ፣ ሕዝብ በጠፍር እየሳበ ወራት ፈጀ። የናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ሲመጣ በበቅሎ የሚጫኑ ትንንሽ የተራራ መድፎች ይዞ ነው። ተነጣጥለው ይጫናሉ፤ ተገጣጥመው ይተኮሳሉ። ከባዶቹን በዝሆን ጫነ። ንጉሡ ለመድፍ የነበራቸው ፍቅር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ግን ከበቅሎ መድፍ ጋር ነው የገጠሙት።

28 ዓመት ቆይቶ ዓድዋ ላይ የእኛ መድፈኞች ራሳቸው ቀላልና ፈጣን ተኳሽ የሆኑ የሆችኪስ መድፎችን ይዘው ተራራ ላይ ወጥተዋል። በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ አዛዣቸው።

የኮዬ ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡30)

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የካ አባዶ ሄጄ ነበር። የመድፈኛው ልጅ አድራሻ ሰጥታኝ ነው። ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በቀኝ በኩል ቆሜ ጮክ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

ቡና ከጠጣን በኋላ «ተነሳ፣ ውረድ» አሉኝ። ከብሎኩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የልብስ ማስጫ ብረትና ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና አወጡ። ኳስ የሚጫወቱ አምስት ልጆች ጠሩ። ለእያንዳንዳችን ቦታ ሰጡን። አንዱ መቆሚያ ያወርዳል። ሁለቱ እግር ይዘረጋሉ። አንዱ ካስማ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል። እኔ አነጣጣሪ ነኝ። ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው 50 ሜትር ወዲያ አስቀመጡ። ጥይቱ እሱ ነው። ከተተከለ በኋላ ሮጦ ማምጣት አለ።

ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። የመጀመሪያው 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ። ልጆቹ እግሩን ቀላቅለውት ነበር። ሁለተኛው 3 ከ20። በሦስተኛው መድፉ በ2 ደቂቃ ተተከለ። በጣም ደስ አለን። ጋሼን ዞር ብዬ ሳያቸው የሚያዩት መድፉን አይደለም። ከረጢቱን ተሸክሞ ገና መንገድ ላይ ያለውን ልጅ ነው።

«እንደገና» አሉ።